ሦስት ክሬዲት ለአራት ስም

«የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የተባለው ባለ ሦስት ክሬዲት የጋራ ኮርስ ለፍሬሽማን ተማሪዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በብዙዎቻችን የታሪክ መምህራን ዘንድ አንድ ስምምነት የመሰለ ነገር ሰፍኗል። ማንም ጽፎ አላወጣውም። ፈተና ሲዘጋጅ፣ በዲፓርትመንት ስብሰባ፣ በሻይ ሰዓት ይሰማል። ኮርሱን ኢንጂነሪንግ የሚገባውም፣ ነርሲንግ የሚገባውም፣ ሕግ የሚገባውም ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከተማሪው የሚጠበቀው የአገሩን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ በጥቅሉ ማወቅ ነው፤ ለዚያ ለኮርሱ የተዘጋጀው ሞጁል ይበቃል፤ ምርጫ ፈተናም ይበቃል ይባላል። ምንጭ ማመሳከር፣ ድርሰት መጻፍ፣ ሽማግሌ ማነጋገር የታሪክ ዲፓርትመንት ልጆች ሥራ ተደርጎ ይታያል። ነገሩ ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይታከልበታል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ታሪክ ገና አልተጻፈም፤ ተማሪው ምን አንብቦ ምን ሊጽፍ ነው?

ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው የማስተማር ዘዴ ጉዳይ ነውና ብዙ ሊያከራክረን ይችላል። ሁለተኛው ግን በማስረጃ የሚፈታ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የቤኒሻንጉል ታሪክ ተጽፏል፤ መጻፍ ከጀመረም ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የግብፁ ገዢ የሙሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1821 ሰናርን ይዞ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ፋዞግሊና ወደ በርታ ኮረብቶች ሲዘምት ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ አብሮ ነበር፤ ያየውንም አሳትሟል። ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹፈር ከስልሳ ዓመት በኋላ በዚያው አገር ተዘዋውሯል፤ ማስታወሻው በዌንዲ ጄምስና በባልደረቦቿ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። ጣልያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዉልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ጨውን፣ ወርቅንና የሥልጣን ተቀባይነትን የሚያነሳ ሲሆን፣ የቤላ ሻንጉልን (ቤኒሻንጉል በቀድሞ አጠራሩ) የ19ኛ ክፍለ ዘመን ታሪክ ከአፍም ከሰነድም አሰባስቦ የያዘ ነው። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የሚያተኩረው በዚሁ የኢትዮጵያና የሱዳን ምዕራባዊ ድንበር ላይ ነው። ታደሰ ታምራት ስለ ጉሙዝና ስለ ደጋው ሕዝብ ግንኙነት ጽፈዋል። አብዱሳመድ አሕመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1999 በታወቀ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ጥናት አውጥተዋል። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በአሶሳ አካባቢ ቤል ኩርኩሙ በተባለ የአለት መጠለያ ቆፍረው የድንጋይ ዘመን ሰው የኖረበትን አሻራ አግኝተዋል፤ ከእነሱ አንዱ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩዪባል የቱርክ-ግብፅ ምሽጎችንና የጣልያን ወታደራዊ ጣቢያዎችን ፍርስራሽ እየዞረ አጥንቷል።

ከዚህ ሁሉ ለክርክሬ የሚበልጥብኝ ግን አንድ ቀጭን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አቲየብ አሕመድ ደፋላህ የተባለ ተማሪ ስለ አሶሳው ገዢ ስለ ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰንና ስለ ቤላ ሻንጉል የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። የዶክትሬት አይደለም፤ የማስተርስም አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ነው። ሆኖም ስለ አካባቢው የጻፉ ምሁራን እስካሁን ይጠቅሱታል። በዚያን ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ወደየትውልድ አገራቸው ሄደው ሽማግሌ እያነጋገሩ የሚጽፏቸው እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የኢትዮጵያን የአካባቢ ታሪክ መሠረት ጥለዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቲየብ የአራተኛ ዓመት ተማሪ እንጂ ፍሬሽማን እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ «ምን አንብቦ» ብለን የምንጠይቅለት ተማሪ ሊያነበው ከሚገባው አንዱ ተማሪ የጻፈው መሆኑ ቢያንስ ጥያቄውን ስንጠይቅ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ሊያደርገን ይገባል።

መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ክልል ውስጥ ባለ ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ሁሉንም ማግኘት ይከብዳል። እውነት ነው። ይህ ግን የግዢና የፎቶ ኮፒ ችግር ነው። «አልገዛነውም» ማለት ሲገባን «አልተጻፈም» ስንል፣ የአሶሳ ልጅ አገሩ ታሪክ የለውም የሚለውን ወሬ በዩኒቨርሲቲ ማኅተም እናጸድቅለታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞጁሉ ቤኒሻንጉልን ረስቶታል የሚል ወቀሳ ይሰማል፤ ልክ አይደለም። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ከዓባይ በስተደቡብ ስለነበሩት የአቆልዲ (የዛሬዋ አሶሳ)፣ የቤላ ሻንጉልና የኮሞሻ ሼህነቶች፣ ከዓባይ በስተሰሜን ስለነበረው ስለ ጉባም አጭር አንቀጽ አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ የጽሑፍ ምንጭ፣ የቁስ ምንጭና የአፍ ታሪክ ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚመረመሩ በሚገባ ያስረዳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምንጭ ምን እንደሆነ የተነገረው ተማሪ በቀሩት ምዕራፎች ሁሉ አንድም ጊዜ ምንጭ እንዲነካ አይጠየቅም። መንዳት በቃል ተምሮ መሪ ሳይጨብጥ መንጃ ፈቃድ እንደሚሰጠው ሰው ነው። አራቱ ሼህነቶችም ለፈተና አራት ምርጫ ይሆናሉ፦ ከሚከተሉት ውስጥ ከዓባይ በስተሰሜን የነበረው የቱ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ተማሪው ጉባን ያከብባል። ከጉባ የመጣውም ከጎንደር የመጣውም ያከብባል፤ ሐምሌ ሳይገባ ሁለቱም ይረሱታል።

ሞጁሉ ሲዘጋጅ የተነሳው ጭቅጭቅም ይህን አልነካም። ያኔ የተከራከርነው ስለ ይዘት ነበር። የማን መስፋፋት፣ የማን ወረራ፣ የማን መንግሥት በስንት ገጽ ይግባ የሚል ነበር። በክርክሩ ውስጥ ግራና ቀኝ የቆሙት ወገኖች ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ተማሪው የተሰጠውን የሚውጥ መሆኑ ነው። የሚውጠው ምን ይሁን በሚለው ብቻ ተለያዩ። በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

የአሶሳን ታሪክ ወስደን እንየው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን የአፄ ምኒልክን ጦር ይዘው ቤኒሻንጉልን ሲያስገብሩ በአካባቢው የነበሩት ሼሆች በሦስት ኃይል መካከል ነበሩ። በሰሜን ምዕራብ የሱዳን መሐዲስቶች ገና አልወደቁም፤ ከግብፅ በኩል እንግሊዝ እየገሰገሰ ነው፤ ከምሥራቅ ምኒልክ የዓባይን ሸለቆና የወርቁን አገር ሌላ ሳይቀድማቸው ለመያዝ ቸኩለዋል። የአቆልዲው ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን በዚህ መሐል ገበሩ፤ አዲስ አበባ ታስረው ኖሩ፤ ተፈትተው ተመልሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ የአገሩ ገዢ ሆኑ። ወርቅና ባሪያ ለመሐል አገር ይልኩ ነበር፤ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ባለቤታቸው ሲት አምና በሱዳን በኩል በሚካሄደው የባሪያ ንግድ ምክንያት ስማቸው በእንግሊዝ ሹማምንት ደብዳቤዎች ውስጥ ይነሳል። ታዲያ ሆጀሌን የትኛው መስመር ላይ እናስቀምጣቸው? «አገር አንድ ያደረጉ» ከሚባሉት ጎን? «ከተወረሩት» ጎን? ተገዢ ናቸው፤ ገዢም ናቸው። ተዘርፈዋል፤ የበርታንና የማኦን ልጅም አዘርፈዋል። የአንድነቱም የጭቆናውም ትረካ እሳቸው ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት ከየት ይመጣል? እኛ ግን በአራት ምርጫ ዘግተነዋል።

የሚታዘዘው ሥራ ምን ይሁን ለሚሉኝ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አፄ ምኒልክና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል አምስት አንቀጽ ብቻ ነው፤ በሁለት ገጽ ያልቃል፤ የአማርኛውም ጽሑፍ አለ። አንቀጽ አንድ ድንበሩን ያሰምራል፤ መስመሩ በርታን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ ኩርሙክ ዛሬም በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለች ከተማ ናት። አንቀጽ ሦስት ምኒልክ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠሩ፣ እንዲሠራም እንዳይፈቅዱ ቃል የሚያስገባ ነው። ሱዳንና ግብፅ ይህን አንቀጽ በሕዳሴ ግድብ ክርክር ውስጥ ደጋግመው አንስተውታል። ግድቡ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ጉባ ላይ ነው። የተማሪው ሥራ ይህ ይሁን፦ አምስቱን አንቀጽ አንብብ፤ ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፍ፤ ውሉን የፈረመው ማን ነው? ያልተጠየቀውስ ማን ነው? በዚያ ዓመት አሶሳ ላይ ያለ አንድ ሼህ ይህን ውል ቢያይ ከየትኛው አንቀጽ ላይ ዓይኑን ባልነቀለ ነበር? ለምን ትላለህ?

ይህን ሥራ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚገባ ልጅ የማይወደው ከሆነ ሌላ ምን ይወዳል? ለእሱ «አጠቃላይ መስመር» ብለን የምናቀርበው የነገሥታት ዝርዝር ከግድቡ ይልቅ ሩቅ ነው።

ተቃውሞዎቹን ልመርምር። ከባዱ የቁጥር ጉዳይ ነው። አንድ መምህር 50 ተማሪ ያለባቸው አራት ሴክሽኖች ቢኖሩት 200 ወረቀት ይጠብቀዋል። እያንዳንዱን በአምስት ደቂቃ ቢያርም ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ይህ ተቃውሞ ሐቅ አለው፤ በመምህሩ ላይ ተጨማሪ ሸክም አስጭኖ «ቁርጠኝነት ይጠይቃል» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን አሁን ምን እያደረግን እንደሆነ እንመልከት። ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ ለግሩፕ አሳይመንት ማርክ እንሰጣለን። ስምንት ልጅ ስሙን ያሰፍራል፤ አንዱ ይጽፋል፤ የጻፈውም ቢሆን አምና ከነበረው ሴክሽን ወይም ከኢንተርኔት ያገኘውን ነው። ሽፋኑ በቀለም ታትሞ ሃያ ገጽ ይሆናል። መምህሩ ያንን ሃያ ገጽ ያነበዋል? ሁላችንም መልሱን እናውቃለን። የሃያ ገጹን ግሩፕ አሳይመንት ሰርዘን በክፍል ውስጥ በ40 ደቂቃ በእጅ የሚጻፍ አንድ ገጽ ብናደርገው የሚታረመው ገጽ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ኮፒውም ይቆማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተማሪው ደካማ ነው የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ካየን በኋላ ይህን ማስተባበል ከባድ ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በሪሜዲያል አልፈው ነው። ከአንቀጽ ውስጥ ሐሳብ መለየት የማይችል ተማሪ አለ። ታዲያ መድኃኒቱ ማንበብ የማይጠይቅ ኮርስ መስጠት ነው? ምርጫ ፈተና የተማሪውን ድክመት ይደብቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያደርግለት ነገር የለም። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚያቅተው ከሆነ ረቂቁን በአማርኛ ወይም በሌላ በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍና የመጨረሻውን ይመልሰው። አሶሳ ውስጥ አረብኛና ሩጣንኛ (የበርታ ቋንቋ)፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀያየሩ መኖር አዲስ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ሲሆን ነው የሚገርመን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጥነትን ያነሳል። ኮርሱ አገር አቀፍ ነው፤ አሶሳ የራሱን፣ ጅግጅጋ የራሱን፣ ደብረ ብርሃን የራሱን ካስተማረ የጋራ ታሪክ ምኑ ላይ ነው? በዚህ ተቃውሞ ውስጥ የተሸሸገው ግምት «የጋራ» የሚባለው መሐል አገር ላይ የሆነው ብቻ ነው የሚል ነው። የአሜሪካን ልምድ ላንሳ፤ እዚያ የኮሌጅ የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ በተለምዶ እ.ኤ.አ. በ1877 ላይ ተከፍሎ በሁለት ሴሚስተር ይሰጣል። የቴክሳስ ሕግ በመንግሥት ኮሌጅ የሚመረቅ ሁሉ 6 ክሬዲት ሰዓት የአሜሪካ ታሪክ እንዲወስድ ያዛል፤ ከስድስቱ ሦስቱን ግን በቴክሳስ ታሪክ መተካት ይቻላል። በአገር ፍቅሩ ማንም የማይጠረጥረው ግዛት የአካባቢውን ታሪክ የአገሩ ታሪክ ግማሽ አድርጎ ተቀብሎታል። ደግሞ እዚያም ቢሆን መቶዎች በአንድ አዳራሽ ታጉረው በምርጫ የሚፈተኑበት ኮርስ ሞልቷል፤ ገነት አድርጌ አላየውም። ሌንዶል ካልደር የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታሪክ መጽሔት ላይ ሁሉን ለመሸፈን የሚሮጠው ኮርስ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ከተማሪው ይሸፍናል ብሎ የተሟገተው ይህንኑ አይቶ ነው።

ወጥነት የግድ ካስፈለገ በሥራው ዓይነት ላይ ይሁን። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው ተማሪ ከመላው አገር ነው። አንዷ ከመንጌ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዷ ከሐረር፣ አንዱ ከባምባሲ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጥ፦ ከቤተሰብህ ውስጥ በ1977 ዓ.ም. ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ካለ ያ ዓመት ለቤተሰቡ ምን እንደነበረ ጠይቅ፤ የነገረህን ከሞጁሉ የመጨረሻ ምዕራፍ ጋር አስተያይ፤ የት ይገጥማል፣ የት ይለያያል፣ የማን ምስክርነት ለምን ይበልጥ ታምኖ ይወሰዳል? ከባምባሲ የመጣው ልጅ አያቱ በድርቁ ዓመት ከወሎ ተጭነው በሰፈራ ወደ አሶሳ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመንጌ የመጣችው ልጅ አያት ደግሞ ሰፋሪው ሲመጣ እዚያው የነበሩ ናቸው። የሁለቱ ወረቀት ጎን ለጎን ሲነበብ አገር አቀፍ ታሪክ ይሆናል፤ አንድ ሞጁል ብቻውን የማይሰጠው ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው እሱን ነው። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰውን ግድያና መፈናቀል ሁሉም ያስታውሳል። ከዚያ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ አለ። «የአካባቢህን ታሪክ ጻፍ» ማለት ቁስል መንካት ሊሆን ይችላል። የአፍ ታሪክም ብዙ ጊዜ ማን ቀድሞ ሰፈረ የሚል ነው፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ በሚጠራበት አገር ይህ ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ገደብ መኖር አለበት። ፍሬሽማን ተማሪ ስለ መነሻና ስለ መጀመሪያ ሰፋሪ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ አላዝም። ስለ ቅርቡ ግጭትም አላዝም። ሼርኮሌና ባምባሲ ያሉ የስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ ገብቶ ሰው እንዲያነጋግርም አልልክም፤ እዚያ ያሉ ሰዎች የተማሪ መለማመጃ አይደሉም። ቤተሰብን ስለ 1977 ጠይቅ ስል እንኳ መናገር ያልፈለገ ተማሪ የ1894ቱን ውል መርጦ መሥራት እንዲችል ነው። ስጋቱ ግን ከምንጭ ምርመራ እንድንሸሽ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ተማሪው «እኛ ነን መጀመሪያ የመጣነው» የሚለውን ከዶርም፣ ከፌስቡክና ከዘፈን ይሰማዋል። ይህን ሲሰማ ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ የት ይልመድ? እኛ ካላለማመድነው የሚያለማምደው የለም።

በነገራችን ላይ ለአካባቢው ተማሪ ደም የማይፈላበት ታሪክም ሞልቷል። አሶሳ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋን የያዙት ደግሞ ቤልጅግ ቅኝ ግዛቷ ከነበረው ከኮንጎ ያመጣቻቸው አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ከአገሩ ተነስቶ በሱዳን አድርጎ በርታ አገር የሚዋጋ ኮንጎአዊ ለማን ብሎ ይዋጋል? ይህን ጥያቄ ስንት የአሶሳ ተመራቂ ሰምቶት ያውቃል?

የማርኩ ነገር ቀረ። በተለመደው አሠራር 50 ለተከታታይ ምዘና፣ 50 ለፋይናል ነው። ፋይናሉን አልነካውም፤ በአገር ደረጃ ተመሳሳይ እንዲሆን የሚፈልግ ይህንን ይዞ ይቆይ። ከተከታታይ ምዘናው 50 ውስጥ ግን ለግሩፕ አሳይመንት የሚሰጠው ይነሳና 15ቱ በክፍል ለሚጻፈው የአንድ ገጽ የምንጭ ምርመራ፣ 15ቱ ለቤተሰቡ ወረቀት ወይም ለአማራጩ ይሁን። የቀረው 20 ለኩዊዝና ለሚድ ይበቃል። ሲታረም ዓመተ ምሕረት የሳተ አንድ ነጥብ ይቀነስበት፤ ምንጩን ሳይጠይቅ የተቀበለ ግማሹን ይጣ። ይህን ለመጀመር ከትምህርት ሚኒስቴር የሚጠበቅ ደብዳቤ የለም፤ ሞጁሉንም መቀየር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚለውን በቀሩት ምዕራፎች ላይ መፈጸም ብቻ ነው። የአቲየብ ጽሑፍና የትሪዉልዚ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒም ቢሆን ላይብረሪው ሪዘርቭ ክፍል ይግቡ፤ ከ1894ቱ ውል ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጂ ይባዛ፤ ሁለት ገጽ ነው።